ያልተሰማው ሎህ

ወንድማገኘሁን ከደጃፉ ላይ ያቆመው ቀይ ክር ነው። ከእንጨት እጀታ ላይ ተጠምጥሞ የታሰረ፣ ቀለሙ ከዘመን ብዛት ወደ ጡብ የዞረ ክር። ክሩን ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ዳዊት ሲደግም፣ ከታች ባለው መንገድ የሼህ ጠሃ ተማሪዎች ሎሃቸውን በብብታቸው ይዘው ያልፉ ነበር። ሎህ የቁርኣን ተማሪ ትምህርቱን የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ብዙ ሎህ ያልፋል፤ ቀይ ክር የታሰረበት ግን የሼሁ ልጅ የባሲማ ብቻ ነበር።

አሁን ያ ሎህ በሼህ ጠሃ በረንዳ፣ በበርጩማ ላይ ተጋድሟል። ምስማር ተመትቶበታል።

አንድ ምስማር ቢሆን ደግ ነበር። ጫማ ሰፊ ሶል የሚመታበት ዓይነት ትንንሽ ምስማር እንደ ፈንጣጣ ፈስሶበታል። በየምስማሩ ራስ ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦዎቹ ሁሉ ወደ መሀል ይሄዱና፣ ከአውራ ጣት ከማትበልጥ፣ በሁለት ጎኗ እግር ካወጣች አንዲት ጥቁር ነገር ላይ ይገናኛሉ። ወንድማገኘሁ በብብቱ የያዘው አሮጌ ኪቦርድ ሊወድቅበት ምንም አልቀረው።

«ባሲማ! ምን አድርገሽ ነው?»

«ኪቦርዱን አመጣኸው?» አለች ቀና ሳትል።

«ሎህ ላይ ምስማር መታሽ?»

«የኔ ሎህ ነው። ታጥቧል፣ ባዶ እንጨት ነው። አንተ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብም ትደነግጣለህ፤ ኪቦርዱን አምጣ።»

ከጓዳ የእናቷ የእትዬ ፋጢማ ድምፅ መጣ። «አንተ የቄሱ ልጅ፣ እስቲ አንተ እንኳ ንገራት! ሼሁ ለቅሶ ወደ ከላላ ሄደዋል። ሲመለሱ ወላሂ እኔ እዚህ አልገኝም። እሳቸው በላይኛው መንገድ ሲመጡ እኔ በታችኛው ወደ ከላላ እወርዳለሁ።»

«ከግድግዳ ያወረድሽልኝ አንቺ ነሽ እኮ፣ እማ!»

«ናፍቆሽ መስሎኝ ነዋ!»

ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሰኔ። ባሲማ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ናት፣ የመጨረሻው፣ የአምስተኛው ዓመት። ወንድማገኘሁ አማርኛ አጥንቶ ተመርቆ በመካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። ኪቦርዱን ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከተጣሉ ወንበሮች ሥር ነው ያወጣላት። ለምን እንደፈለገችው ግን እስከዚያች ሰኞ ከሰዓት ድረስ በቅጡ አልገባውም ነበር።

«ስማ» አለች፣ የኪቦርዱን ገመድ እየላጠች። «ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ዩኒክስ የሚባል ሥርዓት አለ። ሥዕሉን፣ ቀለሙን ሁሉ ስትገፍፍ፣ ከሥሩ የምታገኘው አንድ ጥቁር መስኮት ነው። ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፣ ይመልስልሃል። ያ መስኮት ሼል ይባላል። የዚያን ዓይነት ሼል እዚህች ውስጥ አስገብቻለሁ።» በጣቷ ጥቁሯን ነገር ነካች።

«እዚህች ውስጥ?»

«ማይክሮኮንትሮለር ናት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ተቀምጣ ሰዓትና ውሃ የምትቆጣጠር ዓይነት። ዋጋዋ ከአንድ ዶሮ አይበልጥም።»

አማካሪዋ ርዕሱን ሲሰማ ስቆ ነበር። አብረዋት የተመደቡት ሁለት ልጆች የትራፊክ መብራት እንሠራለን ብለው ጥለዋት ሄዱ። እሷ ብቻዋን ቀረች። ዕቃ የሚሰካበትን የፕላስቲክ ሰሌዳ ላብራቶሪው ሲያስመልሳት፣ ፕሮጀክቱን ለመጨረስ የተሰጣትን ጊዜ ይዛ አገሯ ገባች። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቤቱ ውስጥ እንደ ሎህ የደረቀ እንጨት የለም።

ዓርብ በመምህራኑ ፊት ሠርቶ መታየት አለበት። ካልሠራ ዓመቱን ትደግማለች። አባቷ ደግሞ አምስት ዓመት ብለው ነው የፈቀዱት፤ ስድስተኛ የሚባል ነገር አልተነገራቸውም። ከደጎሎ ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎች «ትምህርቷን ትጨርስ» ተብለው ከተመለሱ ቆይተዋል፤ ሐምሌ ላይ ዳግመኛ ይመጣሉ። ተመርቃ ሥራ ከያዘች መልሱን የምትሰጠው ራሷ ናት። ካልተመረቀች መልሱን ሌሎች ይሰጡላታል።

ኪቦርዱ ተገጠመ። ከሎሁ ጎን የተገጠመች፣ አራት መስመር ብቻ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አረንጓዴ በራች። በጥግዋ አንዲት ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ትእዛዝ የምትጠብቅ ናት። ባሲማ ጻፈች፤ ማሽኗ መለሰች። ፋይል ፍጠሪ አለቻት፤ ፈጠረች። ያለሽን ዘርዝሪ አለቻት፤ ዘረዘረች። ቀጥሎ የአንዱን ትእዛዝ መልስ ለሌላው ትእዛዝ እንድታቀብል አዘዘቻት፤ ትንሿ ጥቁር ነገር ያለምንም ማንገራገር አቀበለች።

«አንተም ጻፍባት።»

ወንድማገኘሁ፣ መስኮቷ የአማርኛ ፊደል ስለማታውቅ በላቲን ፊደል አንድ ስንኝ ጻፈ። «ጣት የምታህል፣ ቃል የማትረሳ» ይላል። ባሲማ የመብራቱን ገመድ መንጭቃ ነቀለችው። መስኮቷ ጨለመች። መልሳ ሰካችውና ፋይሉን ጠራች። ስንኙ ከነግድፈቱ ተመልሶ መጣ።

ይህችን ነገር ሰው በመንገድ ቢያገኛት ጥንዚዛ መስላው ይረግጣታል።

«እንዴት ያዘችው? የት አስቀመጠችው?»

«ይኸውልህ ችግሩ። የራሷ መያዣ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢይዝ ነው። ትእዛዞቹ ሁሉ አይገቡላትም። ስለዚህ ከስንኝህ ጋር በዚህች በሞባይል ሚሞሪ ካርድ ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ። አንዱን ስጠራው እሱ ብቻ በመያዣዋ ላይ ይጻፋል፤ ሥራውን ይጨርሳል፤ ይታጠባል። ከዚያ ቀጣዩ ይጻፋል።»

«ይሄን ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩሽ?»

ባሲማ ሳቀች፤ በአገጯ ወደ ግቢው ጥግ አመለከተችው። የሼሁ ተማሪዎች፣ ደረሳዎቹ፣ ሎሃቸውን አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጥተዋል። «እዚያ ነው የተማርኩት። አንድ ሰሌዳ፣ ሙሉ ቁርኣን። ሌላ እንዴት ይገባል?»

ወንድማገኘሁ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ ከሰው ጋር ሰላም መባባሉን እንኳ አያስታውስም።

ማክሰኞ ጧት መካነ ሰላምን ጭጋግ ዋጣት። ክፍል ከመግባቱ በፊት ብቅ ሲል ባሲማ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋለች። መስኮቷ ግን ትጽፋለች። ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳያዛት፣ ፊደል በፊደል ላይ ትደረድራለች፤ መስመሩ ሲሞላ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ደግሞ ትጽፋለች።

«ቢስሚላህ!» እትዬ ፋጢማ ከበሩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ነገርኩሽ እኮ! ጅን ነው!»

«ጅን ቢሆንማ ትርጉም ያለው ነገር ይጽፍ ነበር፣ እማ።» ድምፅዋ ግን እንደ ቀልዷ አልነበረም።

ሽቦ ቀየረች። ኪቦርዱን ፈትታ ጠራርጋ ገጠመች። ትርፍ የያዘቻትን ሌላዋን ማይክሮኮንትሮለር አስገባች። ያው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣችና፣ ማሽኗ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዝም ብላ ትእዛዝ መጠበቅ ጀመረች። ባሲማ በደስታ ልትጮህ ስትል ዝናብ ጣለ፤ መስኮቷ እንደገና መለፍለፍ ያዘች።

«ፀሐይ ስትኖር ጤነኛ፣ ደመና ሲሆን እብድ» አለች። «ዓርብ ደመና ቢሆንስ? ሰኔ ነው እኮ፣ ወንድማገኘሁ። መምህራኑን ፀሐይ ጠብቁልኝ ልበላቸው?»

ሼህ ጠሃ በዚህ መሀል ነው የደረሱት። የበቅሏቸው ኮቴ ሲሰማ ሎሁን የሚሸፍን ጨርቅ እንኳ አልተገኘም። ሼሁ ወረዱ፤ ሰላምታው ተጀመረ። ሰላምታቸው ቶሎ አያልቅም፤ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የወንድማገኘሁን አባት የቄስ ወልደሩፋኤልን ጉልበት ሳይቀር ጠየቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናቸው» እያለ ሲመልስ የወንድማገኘሁ ዓይን በርጩማው ላይ ነው። በመጨረሻ የሼሁም ዓይን እዚያው አረፈ።

እትዬ ፋጢማ ወደ ከላላ አልሄዱም። ከምሰሶው ኋላ ገቡ።

«የማን ሎህ ነው?» አሉ ሼሁ።

«የኔ ነው፣ አባ።»

«ታጥቧል?»

«ታጥቧል።»

«ተሰምቷል?»

ወንድማገኘሁ ቁጣ ሲጠብቅ ነበር፤ ጥያቄ ነው የመጣው፤ ጥያቄው ደግሞ ከቁጣ ይልቅ አስደነገጠው። የክርስቲያን ልጅ ቢሆንም ጎረቤት ነውና ሥርዓቱን ያውቃል። ደረሳ በሎሁ የጻፈውን ይሸመድዳል፤ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ በቃሉ ያሰማል። መምህሩ ሲቀበለው ብቻ ሎሁ ይታጠባል፤ እጣቢውም እግር በማይረግጠው ቦታ ይፈሳል። ባሲማ በልጅነቷ ለመደበኛ ትምህርት ደሴ አክስቷ ዘንድ በተላከችበት ማለዳ ትምህርቷን አላሰማችም ነበር። የመኪናው ጥሩንባ ሲጣራ ሎሁን በአንድ ጣሳ ውሃ ለቅለቅ አድርጋ ሰቀለችውና ሮጠች። ሼሁ ያን ዕለት ምንም አላሉም። ሎሁን ግን ለሌላ ልጅ አልሰጡትም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ለብቻው ተሰቅሎ ኖረ።

«ምስማሩ ምንም አይደል» አሉ ሼሁ እየተቀመጡ። «እንጨት ነው፤ እንጨት ላይ ምስማር ይመታል። እኔ የጠየቅሁሽ ሌላ ነው። ይሁን። እስቲ ይሄ ነገርሽ ምን ይላል?»

ባሲማ አበራችው። ዝናቡ ገና አላባራም። መስኮቷ ትርጉም የሌለው ነገር መለፍለፍ ጀመረች።

«በምን ቋንቋ ነው?»

«በምንም፣ አባ። ተበላሽቶ ነው።»

ሼሁ ጎንበስ ብለው፣ ሽቦ በሌለበት በኩል የሎሁን ጠርዝ በሌባ ጣታቸው ጠረግ አደረጉ። ጣታቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግሞ አጣጠብሽ!» ብለው አሳዩዋት። የጣታቸው ጫፍ ግራጫ ሆኗል።

ባሲማ ጣታቸውን አየች። ዓይኗን ሳትነቅል ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ብድግ ብላ ሮጠችና የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ቴስተሯን ይዛ ተመለሰች። ሁለቱን የመለኪያ ሹሎች ምስማርም ሽቦም በሌለበት፣ በባዶው እንጨት ላይ ተከለቻቸው።

ቁጥሩ ሮጠ።

«ሱብሃነላህ!» አለች። «እንጨቱ ያሳልፋል! አባ፣ ቀለሙ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ዛሬ ነው የጠፋሽ? ጥላሸትና ሙጫ ነዋ።»

«ጥላሸት!» ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወንድማገኘሁ፣ የባትሪ ድንጋይ ሰብረህ አታውቅም? መሀሉ ላይ ያለው ጥቁር ዘንግ የዚህ ዘመድ ነው። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቀለሙ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ቀርቷል። ሲደርቅ ዝም ይላል፤ ጭጋጉን ሲጠጣ ከምስማር ወደ ምስማር እየሾለከ ማንም ያልነካውን ፊደል ይነካል።»

ወንድማገኘሁ ከበርጩማው አንድ እርምጃ ራቀ። ያቺ ያልተሰማች ትምህርት በእንጨቱ ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ ኖራ፣ አሁን በሌላ ሰው አፍ የምትናገር መሰለው። ይህን ለማንም አላለም፤ ቢል ባሲማ ትስቅበታለች።

«ይታጠባላ!» አሉ እትዬ ፋጢማ ከምሰሶው ኋላ ወጥተው። «ውሃ እንደሆነ ሰማዩ ራሱ እየሰጠ ነው!»

«ሳይሰማ?» አሉ ሼሁ በዝግታ። «ለሁለተኛ ጊዜ?»

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመልሳት መኪና ሐሙስ ጧት ይነሳል። ለማጠብ ምስማሩ ሁሉ መነቀል፣ ሽቦው ሁሉ መፈታት አለበት፤ ቀናት የፈጀ ሥራ ነው። ባሲማ አባቷን አየች፤ ማሽኗን አየች። ከዚያ ፒንሳውን አነሳችና የመጀመሪያውን ምስማር ራሷ ነቀለችው።

«ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ» አሉ ሼህ ጠሃ።

ረቡዕ ማለዳ ወንድማገኘሁ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። መቆም የለበትም፤ እግሩ ግን እንቢ አለው። ባሲማ ሻርፗን አጥብቃ ተከናንባ በአባቷ ፊት ተቀምጣለች። ሎሁ ጭኗ ላይ ነው፤ በምስማር ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ ከላዩ የሚነበብ አንድ ፊደል የለም። አንገቷን ደፍታ ጀመረች፤ ከያሲን ምዕራፍ አጋማሽ። በመጀመሪያ ድምፅዋ የትልቅ ሰው ነበር። እየቆየ እየቀጠነ፣ ወንድማገኘሁ ልጅ ሆኖ ከአጥር ሥር የሚሰማውን ድምፅ ሆነ።

መሀል ላይ ቆመች።

የእትዬ ፋጢማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ሼሁ በዓይናቸው ገቷቸው። እሳቸውም አልረዷትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ባሲማ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ በባዶው እንጨት ላይ፣ መስመሩ ጥንት በነበረበት ቦታ ሄደ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና በሩጫ መጣች፤ የቆመችበትን ስፍራ እንደ ቦይ ዘለለችው። እስከ መጨረሻው አልቆመችም።

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ሎሁን ተቀበሉ። ወጥተው ራሳቸው፣ በአሸዋና በቅጠል እያሹ አጠቡት። ታጥቧል ከተባለ እንጨት ይህን ያህል ጥቁር ውሃ ሲወርድ ወንድማገኘሁ በሕይወቱ ያየ አይመስለውም። ሲያጥቡት ይጠቁራል፣ ደግመው ሲያጥቡት ይጠቁራል፤ በመጨረሻ ውሃው እንደ ውሃ ሆኖ ወረደ። እጣቢውን ተሸክመው ከወይራው ሥር አፈሰሱት።

ሎሁ ከፍም አጠገብ ደረቀ። ባሲማ ለካችው፤ ቴስተሩ ዝም አለ። ግን ፊቷ አልፈታም። «ንጹሕም ቢሆን እንጨት ጭጋግ ይጠጣል። ውሃ የማያስገባ ነገር መቀባት አለበት።»

ወንድማገኘሁ ሳይሰናበት ሮጠ። ሲመለስ በመሀረቡ ውስጥ የተቋጠረ የጧፍ ቁርጥራጭ ይዟል። ሼሁ ፊት ሲደርስ አፈረ። «ሰም ነው፣ ሼህ። ግን... ከቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ንብ ሃይማኖቷን ነግራህ ታውቃለች?» አሉ ሼህ ጠሃ። እትዬ ፋጢማ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ባሲማ ግን አልሳቀችም። «አባ፣ ሰም ከጠጣ ከእንግዲህ ቀለም አይዝም። ዳግመኛ አይጻፍበትም። ሎህ መሆኑ ያበቃል።»

ሼሁ እንጨቱን አገላበጡት። በእጀታው ላይ ቀይ ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ማን እንዳሰረው ያስታወሱ ይመስላሉ። እኒህ ሰው ይህን ሰሌዳ ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ላይ የጠበቁት ልጃቸው ተመልሳ እንድትጽፍበት ነበር። ለወንድማገኘሁ ይህ የገባው አሁን ገና ነው።

«የተጻፈበት ተሰምቷል» አሉ። «ቅቢው።»

ሰሙን ፍሙ ላይ ያሞቁላት እሳቸው ናቸው።

ባሲማ ያን ቀን ሙሉ በድሮው ቀዳዳ ምስማር ስትመታ፣ መንገዱን በቃሏ የያዘችውን ሽቦ ስትጠመጥም ዋለች። ሐሙስ ሲነጋጋ በመካነ ሰላም መናኸሪያ የነበረው ጭጋግ የመኪናውን መብራት ሁለት የእንቁላል አስኳል አስመስሎታል። ሰው ሰውን የሚያውቀው በድምፁ ነው። ባሲማ ሳልሞክረው አልሳፈርም አለች። ሎሁን በሚኒባሱ አፍንጫ ላይ አስቀምጣ ባትሪውን ገጠመች። ጨርቁን ገልጣ እርጥቡ አየር እንዲገባበት ቆየች።

«እህት፣ ምንድን ነው እሱ?» አለ ረዳቱ። «ይፈነዳል?»

«ይመልሳል እንጂ አይፈነዳም።»

«ለማን ይመልሳል?»

«ለጠየቀው።»

መስኮቷ አረንጓዴ በራች። ምልክቷ ብልጭ ድርግም አለች። ወንድማገኘሁ የሆነ ፊደል ራሱ እስኪጻፍ ጠበቀ። ጭጋጉ በሎሁ ላይ ጤዛ ሆኖ አረፈ፤ ጠብታዎቹ በሰሙ ላይ ተንከባለሉ። ምንም አልተጻፈም። ትጠብቃለች፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ባሲማ አንዲት ትእዛዝ ጻፈች። በዚያ ሁሉ ጭጋግ መሀል የሰኞዋ ስንኝ ከነግድፈቷ መጣች።

እትዬ ፋጢማ እልል ሊሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወንድማገኘሁ የሚኒባሱን በር ተደገፈ።

«አባ ስወጣ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?» አለች ባሲማ፣ ሎሁን በጨርቅ እየጠቀለለች። «‹ስትመለሺ ቀጣዩን ትጽፊያለሽ፤ አዲስ ሎህ አስጠርብልሻለሁ› አሉኝ። ‹ለሽማግሌዎቹ ደግሞ እሷን ጠይቁ እላቸዋለሁ› አሉኝ።» ጨርቁን ቋጠረችና ሳቀች። «ያቺን ስንኝህን ነገ ለመምህራኑ ከፍቼ አሳያቸዋለሁ።»

«ኧረ በናትሽ! ግድፈት አለባት። አጥፊልኝና አስተካክዬ ልጻፋት።»

«ሳትሰማ ልትታጠብ?» አለች።

ሎሁን እንደ ልጅነቷ በብብቷ አደረገችው፤ እጀታው ከጨርቁ ወጥቶ ቀይ ክሩ ይታያል። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ወደሚጣራበት፣ ወደ ሌላው የመኪናው በር በጭጋጉ ውስጥ ሄደች። ወንድማገኘሁ ትዞራለች ብሎ ቆመ። አልዞረችም።